ኮምቦልቻ፦ ወባ የሚያመጣብን ዲቹ ነው ወይስ የብሎኬት ሠሪዎቹ ጉድጓድ?

ከሐረጎ በታች
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጦሳ ሥር ነው። አልጋዬ ላይ አጎበር ተሰቅሎ አያውቅም፤ እኛ የምናውቀው ብርድ ልብስ መደራረብ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ኮምቦልቻ ሥራ ሲያገኝ ሐረጎን ወርደን እዚህ ቤት ተከራየን። ከቦርከና ብዙም አንርቅም። ሙቀቱን ወደድኩት። ልብስ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ ጓሮ የዘሩት ሁሉ ይበቅላል።

የሰባት ዓመት ልጅ አለኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አተኮሰው። እናቴን ደሴ ደወልኩላት፣ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽተሽ አጠጪው» አለችኝ። አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ጥርሱ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ሦስት ብርድ ልብስ ደረብኩለት፣ አልሞቅ አለው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንሶላው እስኪጨመቅ ድረስ አላበው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ደሙ ሲታይ ወባ። መድኃኒቱን ዋጠ፣ ተሻለው፣ መስከረም ላይ ትምህርት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንደገና! ያው ብርድ፣ ያው ላብ። በመካከሉ አንድም ቀን ከአጎበር ውጪ አላስተኛሁትም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ተነስቼ ግንባሩን ስዳስስ ነው የማድረው።

እድራችን በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። በየቤቱ ታማሚ አለና ሰው ሁሉ መጣ። የተናገረው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ዋናው መንገድ ዳር ባለው ዲች ላይ ነው። እውነትም ያስጠላል። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ ፌስታልና ሃይላንድ ተጠራቅሞበታል። ሲመሽ ቢንቢ እንደ ጭስ ይነሳበታል። በየቤቱ 300 ብር አዋጥተን በሲሚንቶ ክዳን እንድናስከድነው ተወሰነ። እኔም እጄን አወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ልብስ ሳሰጣ አንድ ነገር አየሁ። ከግቢያችን ጀርባ ብሎኬት የሚያመርቱ ወጣቶች አሉ። የቧንቧ ውሃ ስለሚጠፋ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ላስቲክ አንጥፈው ውሃ ያጠራቅማሉ። ውሃው ከላይ ጥርት ያለ ነው፤ ልጄና ጓደኞቹ የወረቀት ጀልባ ያንሳፍፉበታል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ነጭ ሳህን አምጥቼ ቀዳሁ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡም አሉ፣ እንደ አጭር ክር የረዘሙም አሉ። ቡናማ ናቸው። ውሃው ፊት ላይ ጋደም ብለው ተኝተዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ወደ ኋላ ፈንጠር፣ ፈንጠር እያሉ ይሸሻሉ።

ነገሩ ከነከነኝና ያንኑ ሳህን ይዤ ዲቹ ጋ ሄድኩ። ከዚያም ቀዳሁ። እዚያም ሞልተዋል። ግን አተኛኘታቸው ሌላ ነው። ጭራቸውን ብቻ ከውሃው ፊት አስነክተው ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ደቂቃ አየኋቸው። አንድ አይነት አይደሉም።

የትኛዋ ናት ወባ የምታመጣው? ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥተን ጉድጓዱ ላይ እናፍስ ይላል፣ ትክክል ነው? ሦስተኛ፣ ልጄን አጎበር ውስጥ እያስተኛሁት ለምን ደገመው? ብሎኬት የሚሠሩት ልጆች ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው፣ እንጀራቸው ነው። ዝም ብዬ «ድፈኑ» ልላቸው አልፈልግም። የምታውቁ ንገሩኝ።


የፒያሳው
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል

አብሽሪ እህቴ፣ ልጅሽን ይማርልሽ።

እኔ ያለሁት ደሴ ነው። እዚህም እኮ መስከረም ሲጠባ ቢንቢ አለ። የቆመ ውሃም ሞልቷል። ነገር ግን ወባ የያዘው ሰው ስትጠይቂ ሁሌም «ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር»፣ «ከሚሴ ለሠርግ አድሬ ነበር»፣ «ከመተማ መመለሴ ነው» ይልሻል። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምንራራቀው። ውሃው ካለ፣ ቢንቢው ካለ፣ ወባው ለምን እዚህ አይይዘንም? ይህንን የሚያስረዳ ካለ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ልምድ ልናገር። የወንድሜ ልጅ ከቆላ ተመልሶ ደሴ ላይ ሲታመም አራት ቀን ሙሉ ታይፎይድ ነው ተብሎ ታከመ። ቆላ ማደሩን ማንም አልጠየቀው፣ እሱም አልተናገረም። ከደጋ የምትወርዱ ሰዎች፣ ተመልሳችሁ ካተኮሳችሁ የት አድራችሁ እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።


ጡረተኛው
ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ልጄ፣ መጀመሪያ ልጅሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደስ ያለኝን ልንገርሽ። ብዙ ሰው ሦስት ቀን ሠልጥኖ የማይለየውን ነገር አንቺ በሳህን ለይተሽዋል።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ወባ ማጥፊያ ውስጥ ነው። በወጣትነቴ የርጭት ፓምፕ ጀርባዬ ላይ አዝዬ በእግሬ ቃሉን፣ ባቲን፣ ጨፋን ዞሬአለሁ። ኋላ ደግሞ እጭ ቆጣሪ ሆንኩ። መሣሪያችን እጀታው የረዘመ ነጭ ጭልፋ ነበር። ውሃ ባየን ቁጥር ጎንበስ፣ ቀዳ፣ ቆጠራ፣ ጻፍ። ወገቤ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ያየሽው ትክክል ነው። ጋደም ብላ የምትተኛዋ አኖፊለስ ናት፣ የወባዋ። መተንፈሻዋ ጀርባዋ ላይ ጫፉ ጋ ስለሆነ፣ አየር ለማግኘት መላ ሰውነቷን ከውሃው ፊት ጋር ማስተካከል አለባት። ተዘቅዝቃ የምትንጠለጠለዋ ኪዩሌክስ ናት። እሷ ጭራዋ ላይ እንደ መቃ ያለ መተንፈሻ አላት፣ እሱን ብቻ ወደ ላይ ታወጣለች። አድገው ግድግዳ ላይ ሲያርፉም ይለያሉ። አኖፊለስ ቂጧን ወደ ላይ ቀስራ ነው የምታርፈው፣ ኪዩሌክስ ግን ከግድግዳው ጋር ትክክል ሆና። ዛሬ ማታ በባትሪ ፈልጊ፣ ታገኛለሽ።

ስለዚህ ዲቹ የሚያፈላው እንቅልፍ የሚነሳችሁን፣ ጆሮ ሥር የሚጮኸውን ቢንቢ ነው። ኪዩሌክስ ወባ አታስተላልፍም። 300 ብር አዋጥታችሁ ብትከድኑት ሽታው ይቀንሳል፣ ልጆች አይወድቁበትም፣ ጥሩ ነው። ግን «ወባን አጠፋን» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ይህንን ስል ጎረቤቶችሽ ቅር ሊላቸው ይችላል፣ ያም ቢሆን ስብሰባ ላይ ተናገሪው።

የእኛ አገር ዋነኛዋ የወባ ትንኝ አረቢየንሲስ ትባላለች። የምትወደውን ቦታ ካወቅሽላት እሷን አገኘሻት ማለት ነው። የሸተተ፣ ሽንት ቤትና ሳሙና የገባበት ውሃ አትወድም። ጥልቅ ውሃ፣ ጥላ ያረፈበት ውሃ፣ ሣር የዋጠው ውሃ ብዙ አትመርጥም። የምትወደው አዲስ፣ ትንሽ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ጭቃማ ቢሆን ግድ የላትም። የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ይበቃታል። የመኪና ጎማ ያሰመረው ቦይ ይበቃታል። ለጭቃ ቤት አፈር የተወሰደበት፣ ለመንገድ ገረጋንቲ የተቆፈረበት፣ ከቦርከና አሸዋ የወጣበት ጉድጓድ ግን ሠርግና ምላሿ ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ላጫውትሽ። ጨፋ ነው ነገሩ። ረግረጉን አይተን «ዛሬማ ወባውን ከነእናቱ አገኘነው» ብለን ከጠዋት እስከ ሰባት ሰዓት እስከ ጉልበታችን ውሃ ውስጥ ገብተን ቀዳን። ቀዳን፣ ቀዳን፣ የረባ ነገር የለም። ሣሩ ውስጥ ዓሣውም፣ ተርብ የሚመስለውም ነፍሳት እጩን ይበሉታል። ደክሞን ስንመለስ መንደሩ ውስጥ ቦኖ ውሃ ጋ ፊታችንን ልንታጠብ ቆምን። ከቦኖው የሚንጠባጠበው ውሃ መሬቱን አርሶ ከብቶች ረግጠውታል። የኮቴው ጉድጓዶች እንደ ስኒ ውሃ ይዘዋል። ጓደኛዬ እንደ ዘበት ጭልፋውን ነከረው። ቡናማ በቡናማ! ከአንዱ ኮቴ ብቻ ከ40 በላይ ቆጠርን። ሰዉ ረግረጉን ነበር የሚፈራው። ወባው ግን ማድጋ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እግር ሥር ነበር።

አሁን ስለ ጊዜው ልንገርሽ። ሥራው በሙሉ እዚህ ላይ ነው። እንቁላሉ በሁለት በሦስት ቀን ይፈለፈላል። እጩ አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ከዚያ እንደ ነጠላ ሰረዝ ተቆልምሞ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ይቆያል፣ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ሁሉም ተደምሮ እንደ ውሃው ሙቀት ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የምንለው። በዓመት አንዴ በዘመቻ፣ ባነር ተይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ ጉድጓድ መድፈን ለአንድ ሳምንት ነው የሚጠቅመው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ላም ረግጣ ትሄዳለች። ሁሌ ጠዋት ቡና ከማፍላትሽ በፊት እንደምትጠርጊው ግቢ ነው መያዝ ያለበት።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ጎርፉ ብዙውን እጭ ጠርጎ ይወስደዋል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ ቦርከና ወደ መሃሉ ሲሸሽ ግን ዳርና ዳሩ ላይ በጠጠሩ መካከል ኩሬ ይተዋል። የወባ ወራታችን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሆነው ለዚህ ነው። ከበልግ ዝናብ በኋላም ሚያዝያና ግንቦት ላይ አነስ ያለ አለ።

ጓሮሽ በቆሎ አለ? ሁሉ ይበቅላል ስትይ ነው የጠረጠርኩት። በቆሎ ሲያብብ ከላዩ የሚረግፈው ብናኝ ውሃ ላይ ሲያርፍ ለእጩ ቀለብ ነው። ይህ በአገራችን ተጠንቷል፤ ምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ በቆሎ የበዛበት ቦታ ወባም በዝቶ ተገኝቷል። በቆሎውን ንቀይ አልልሽም። በቆሎው አጠገብ ውሃ የያዘ ጉድጓድ አይኑር ነው የምልሽ።

የፒያሳው ወንድሜ ለጠየቀው። ውሃና ትንኝ ብቻውን ወባ አይሆንም። ትንኟ የታመመ ሰው ደም ከጠጣች በኋላ ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ ሊያድግ ይገባል። ለዚያ ሙቀት ይፈልጋል። 25 ዲግሪ ላይ ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይዘገያል፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በታች ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። ትንኟ የጥቂት ሳምንት ዕድሜ ነው ያላት፣ ተውሳኩ ሳይበስል ትሞታለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሐረጎን ስትወርድ ጃኬትህን የምታወልቅበት ምክንያት ራሱ ነው ወባውንም የሚያመጣው። ግን ደጋ ነን ብላችሁ አትኩሩ። በፈረንጆች 1958 በአገራችን በደረሰው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ያ ወረርሽኝ የመታው በተለይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ነው። በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱ መቋቋም ያልቻለውን ወይና ደጋ ማለት ነው።

የተቃጠለውን ዘይት ተዉት። እጩን ይገድላል፣ እውነት ነው፣ የውሃውን ፊት ሸፍኖ አየር ያሳጣዋል። ግን ያ ውሃ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣዋል። ማፋሰስ ወይም በአፈር መድፈን እየተቻለ ለምን? የማይፋሰስ ትልቅ ውሃ ከሆነ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሪ፣ አቤት የሚባል ለእጭ የተሠራ ኬሚካል አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እጭ ማጥፋት አጎበርንና የቤት ርጭትን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ውሃዎቹ ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኙ ሲሆኑ እንደ ተጨማሪ ሥራ እንዲያዝ ነው። መስከረም ላይ ገጠር ያለውን ኮቴ ሁሉ ማን ይደፍናል? የእናንተ ሠፈር ግን ይቻላል። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ዞሮ ይጨርሰዋል።


ማይክሮስኮፕ
ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ስለ ልጁ ነው የምጽፈው፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው።

እህቴ፣ የሐምሌውን ካርድ ወይም የላብራቶሪ ወረቀት ፈልጊና የትኛው የወባ ዓይነት እንደተጻፈ እዪ። እኛ ጋ የሚበዙት ሁለት ናቸው፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ቫይቫክስ ከሆነ፣ ዛሬ የታመመው ዛሬ በነከሰችው ትንኝ ላይሆን ይችላል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚተኛ ዘር አለው። ደሙ ውስጥ ያለውን በክሎሮኪን ታጸጃለሽ፣ ልጁ ይነሳል፣ ይጫወታል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያ የተኛው ይነቃል። አጎበሩ ምንም አላጠፋም ማለት ነው።

ለተኛው ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰድ። ለሁሉም ሰው አይሰጥም፤ ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ሕፃን አይሆንም፣ አንዳንድ ሰው ላይም ደም ሊያሳንስ ስለሚችል ሐኪሙ ነው የሚወስነው። ጠይቂው። ከታዘዘልሽ ደግሞ እባክሽ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ስጪው። በአምስተኛው ቀን ልጁ ድኖ ሲሯሯጥ ያየች እናት ታቋርጠዋለች። ከሁለት ወር በኋላ ያው ልጅ ተመልሶ የእኔ ማይክሮስኮፕ ሥር ይመጣል። ጡረተኛው የሚሉት ትንኝም ከእሱ ደም ትጠጣና ለጎረቤት ትወስዳለች።

ፋልሲፓረም ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ እንደገና ተነክሷል ወይም መድኃኒቱ በደንብ አልተወሰደም ማለት ሊሆን ይችላል። ሕፃን ላይ ቶሎ ይከፋል። እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ በሌሊትም ቢሆን ውሰጂው። ሲያተኩስ ዳማከሴ ብታጠጪውም፣ ያንኑ ቀን ደሙን አስመርምሪ።


ብሎኬት ቤት
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሰላም። እኔ የምትይው ቦታ ላይ አይደለሁም፣ ግን እዚሁ ኮምቦልቻ ብሎኬት ነው የምመታው። ስለ እንጀራችን ስላሰብሽ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው እንደዚያ አያስብም፣ መጥቶ ይጮህብናል።

ብሎኬት ከተመታ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ካልጠጣ በእጅህ ስታነሳው ይፈረካከሳል፣ ገዢ ይመልሰዋል። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ስለዚህ በመጣ ቀን ካላጠራቀምን ሥራ የለም። ጉድጓዱን ድፈኑ ከተባልን እኛ አራት ሰዎች ወደ ቤት መሄዳችን ነው።

ግን እውነቱን ልናገር። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ከአራታችን ሦስታችን በወባ ወደቅን። እኔ ዘጠኝ ቀን አልሠራሁም። እጩን ሁሌም እናየዋለን፣ «የውሃ ትል ነው» እያልን በጀሪካን ቀድተን ብሎኬቱ ላይ እንደፋዋለን። እዚህ ያለውን ሳነብ ነው የገባኝ። ጋሼ ጡረተኛው፣ ጉድጓዱን ትተን በርሜል ብናደርገው ይሻላል? ወይስ ሌላ መላ አለ?


ጡረተኛው
ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

ልጄ፣ ያንተ ጥያቄ ሌሊቱን ሲያስበኝ አደረ።

ጉድጓዱን አትዝጉት። ሁለት አድርጉት፣ ትንንሽ። በአንዱ እየተጠቀማችሁ ሌላው ይደር። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ጉድጓድ ከሰባት ቀን በፊት እስከ ታችኛው ጠብታ ድረስ ማለቅ አለበት። ላስቲኩን አንሱ፣ ገልብጡት፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይምታው። እጩ ደረቅ መሬት ላይ ይሞታል። ብሎኬቱ ላይ የምትደፉት እጭም ይሞታል፣ በዚያ አትስጉ። የሚያሰጋው ታች የሚቀረው፣ «ለነገ ይሁን» ተብሎ የሚተወው የአንድ ስንዝር ውሃ ነው። እሱ ላይ ነው አዲስ ውሃ የሚጨመረው፣ እጩም ዕድሜው እየቀጠለ ክንፍ የሚያወጣው።

በርሜሉ ላይ ግን ልብ በሉ። በእኔ ዘመን «በርሜል ላይ የወባ ትንኝ አትፈለፈልም» ብለን እናስተምር ነበር። ዛሬ እንደዚያ ማለት አልችልም። ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ አገራችን ገብታለች። መጀመሪያ የታየችው በፈረንጆች 2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ያውም በበጋ ወባ ሲነሳ ከጀርባው እሷ ነበረች። የእሷ ቤት በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ዝናብ አትጠብቅም። ከተማ ትወዳለች። ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣ መኪና ኮምቦልቻ ይደርሳል። ትንኝ ደግሞ ከጭነት ጋር መሳፈር ታውቃለች። ስለዚህ በርሜል ከሆነ ክዳን ይኑረው። ክዳን ከሌለው ያረጀና የተቀደደ አጎበር አጥፋችሁ ደርባችሁ አፉን እሰሩት። ያረጀውን ብቻ ነው ያልኩት! ደህናው አጎበር ሰው ላይ ይሰቀላል።

ትናንት ያልጻፍኩትን ልጨምር። ውሃ ማጠራቀም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ትግራይ ውስጥ ለመስኖ ተብለው በተሠሩ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ ያሉ ሕፃናት፣ ራቅ ብለው ካሉት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ እንደነበር በፈረንጆች 1999 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከጥናቱ መሪዎች አንዱ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴድሮስ ናቸው። ግድቡ ለገበሬው እህል ነው፣ መቅረት የለበትም። ነገር ግን ከግድቡ ሥር የሚያንጠባጥበውን፣ ከቦዩ ዳር የሚተኛውን ውሃ ኃላፊ ሆኖ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ብሎኬቱም እንደዚያው ነው። ከአራታችሁ አንዱ የውሃው ኃላፊ ይሁን።


ከሐረጎ በታች
ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ይኸው ተመለስኩ። ዝም ያልኩት ሠርቼ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ካርዱን ፈለግሁት። ቫይቫክስ ነው የሚለው። ሐምሌ ላይ ፕሪማኪን ታዝዞለት ነበር። እኔ ነኝ ያቋረጥኩት፣ በስድስተኛው ቀን። ድኖ ነበርና ሆዱን እንዳያመው ብዬ። ማይክሮስኮፕ የጻፍሽውን ሳነብ አለቀስኩ። ይሄን ጊዜ ሐኪሙን ጠይቄ እንደገና ታዘዘልኝ፣ 14ቱን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ ጨረስኩ። የመጨረሻዋን ቀን ልጄ ራሱ ነው የሰረዛት።

እድሩ ስብሰባ ላይ ሁለቱን ሳህን ይዤ ሄድኩ። በአንዱ የዲቹ ውሃ፣ በአንዱ የጉድጓዱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ጠጋ ብላችሁ እዩ» አልኳቸው። መጀመሪያ አንዳንዱ ተቆጣ፣ «ይሄን ቆሻሻ ምን ይሁን ብለሽ ነው!» አለ። ከዚያ የእድሩ ሊቀ መንበር መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን ከሳህኑ በላይ ሲያሳልፉ ጋደም ያሉት ፈንጠር ብለው ሸሹ። «ይቺ ናት?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ይቺ ናት» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ተራ ገብቶ አየ፣ ልጆቹ እየተጋፉ። ዲቹ ይከደናል፣ ውሳኔው አልተሻረም። ከመዋጮው ግን ለሁለት መኪና ጠጠርና ለአካፋ ተቀነሰ።

ብሎኬት የሚሠሩት ልጆች ሁለት ጉድጓድ አድርገውታል። ረቡዕ አንዱን፣ እሑድ ሌላውን ያደርቃሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ረስተውት ነበር፣ ሄጄ አስታወስኳቸው። ከዚያ ወዲህ አልረሱም። ከመካከላቸው አንዱ የጋሼን ጽሑፍ በስልኩ ሲያነብላቸው ሰምቼአለሁ።

እኔና ሦስት ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ሠፈሩን እንዞራለን። የዛሬ ሦስት ሳምንት ውሃ ያቆሩ 23 ቦታዎች ቆጠርን፣ በ9ኙ ጋደም ባዮቹ ነበሩ። ባለፈው ቅዳሜ ውሃ የያዙት 11 ናቸው፣ ጋደም ባዮቹ ያሉባቸው 2። እርግጥ ዝናቡም አቁሟል፣ ሁሉንም እኛ አደረቅነው አልልም። ከሁለቱ አንዱ የአሸዋ ጉድጓድ ነው፣ ቦርከና ዳር። እሱን በአካፋ አንችለውም፤ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ነግረናት አይታዋለች፣ ኬሚካሉን ጠይቃለች።

ሁለተኛው ቦኖው ጋ ነው። ልክ ጋሼ እንዳሉት ነው፣ የላም ኮቴ። ጠጠር ደፋንበት፣ ግን ቧንቧው ራሱ ስለሚያንጠባጥብ ከጠጠሩ ጎን አዲስ ይሠራል። እንዲጠገን አመልክተናል፣ እስካሁን የመጣ የለም። እስከዚያው የቧንቧ ሥራ የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ጎማ አስሮበታል። ማንጠባጠቡ ቀንሷል፣ አልቆመም።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እዚያ ኮቴ ውስጥ ትናንት ያየኋቸው በጣም ደቃቃ ናቸው፣ እንደ ብናኝ። እንደ ነጠላ ሰረዝ የተቆለመመ አንድም የለም። ገና ናቸው ማለት ነው? እስከ ቅዳሜ ብቆይ ይደርሱብኛል ወይስ ነገውኑ ልሂድ?


ጡረተኛው
ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40

ገና ናቸው፣ ልጄ። ግን ቀን ቀን ይሞቃል፣ ኮቴ ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል። ቅዳሜን አትጠብቂ። ነገ ጠዋት አካፋ ይዘሽ ሂጂ።